ቁመታችሁን የማያውቅ አይምራችሁ፦ ስለ መኪና ጂፒኤስ ለሹፌሮች የተደረገ ንግግር

(ቅዳሜ ማታ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በተደረገ የሹፌሮች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ከማሳጠሬ በቀር እንዳለ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ! ... አልሰማሁም። እንደምን አመሻችሁ! እ፣ እንደሱ ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጋሼዎቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችሁት። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ መኪናችሁን ውጭ የፓርኪንግ ሜትር ላይ አቁማችኋል። ሜትራችሁ ሳያልቅ ለመጨረስ እሞክራለሁ። አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ነው የሰጡኝ። ሀበሻ መድረክ ላይ ሃያ ደቂቃ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ብቻ እሞክራለሁ።

የተጠራሁት ስለ ጂፒኤስ እንዳወራ ነው። ቴክኒሻን አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነዳሁ። ከዚያ ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አውጥቼ ትራክ ላይ ወጣሁ። ከዚህ መሣሪያ ጋር ብዙ ተጣልተናል፣ ብዙ ታርቀናል። የማወራችሁ ያንን ነው።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የትኛውን እንግዛ? ሁለተኛ፣ ከገዛነው በኋላ ምን እናድርገው? ሦስተኛ፣ መቼ አንስማው? ሦስተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ገንዘብም መንጃ ፈቃድም የሚያስወስደን እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን እስቲ እጅ አውጡ። የኤዲሲ ካርታ መጽሐፍ መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው? ... አያችሁ፣ ጋሼዎቹ ብቻ ናቸው። ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። ያቺን መጽሐፍ የሚያዘጋጀው ድርጅት እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነበር። የዚህ አካባቢ ታክሲ ነጂ ሁሉ እሷ ሳትኖረው ከቤት አይወጣም። መንገዱን ከኋላ ከዝርዝሩ ትፈልጋላችሁ፣ ገጽና ፊደል ይሰጣችኋል፣ ከዚያ ገጹን ትገልጣላችሁ። በግራ እጅ መሪ፣ በቀኝ ጣት ገጽ። ተሳፋሪው ከኋላ አንገቱን አስግጎ ያያችኋል። የኔዋ ሽፋኗ ተገንጥሎ በፕላስተር ነበር የያዝኳት። አንዱ ገጽ ላይ የቡና እድፍ ነበረባት፤ እድፉ ሥር ያለውን ሰፈር እስከ ዛሬ በደንብ አላውቀውም። በቀደም ልጄ ልትጥላት ስትል ነው የተቀማኋት።

ታክሲ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት አሮጊት ከዩኒየን ስቴሽን ተሳፈሩ። ሲ ስትሪት አሉኝ። ቁጥሩን ነገሩኝ። እኔም መጽሐፌን ገልጬ ወሰድኳቸው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ስሙም ትክክል ነው። ቤቱ ግን የሳቸው አይደለም። «ልጄ፣ ሳውዝኢስት እኮ ነው ያልኩህ» አሉኝ። እኔ ኖርዝኢስት ወስጃቸዋለሁ። ዲሲ በአራት ክፍል ነው የተከፈለችው፤ ኖርዝዌስት፣ ኖርዝኢስት፣ ሳውዝዌስት፣ ሳውዝኢስት። ሲ ስትሪት በአራቱም አለ። የአንዱ ቤት ቁጥር እዚያኛውም ይደገማል። ያን ቀን ሒሳብ አልተቀበልኳቸውም፤ እሳቸውም አልሰጡኝም።

ይህን ለምን አመጣሁት? መሣሪያው ዛሬ የሚሠራው ስህተት ያው ስለሆነ ነው። መንገዱን ስትጽፉ ዝርዝር ያወጣላችኋል። ቸኩላችሁ የመጀመሪያውን ትነካላችሁ። የመጀመሪያው ኖርዝዌስት ነው። ሰውየው ያለው ሳውዝዌስት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ እናቶቻችን። ኡበር የምትነዱ በተለይ፣ እንግዳው አድራሻ ለውጡልኝ ካላችሁ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት፣ NW ነው SW የሚለውን፣ እዩ። ሁለት ፊደል ብቻ!

እሺ። ይሄ ነገር በምን ይሠራል? ባጭሩ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ሳያውቁት ሲገዙት ነው ገንዘብ የሚባክነው።

ሰማይ ላይ ያሉት የአሜሪካ መከላከያ ያመጠቃቸው ሳተላይቶች ናቸው። የመጀመሪያው በ1978 ወጣ፤ በፈረንጅ ነው የማወራው። ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በ1995 ነው። ቢያንስ 24 ሳተላይት ያስፈልጋል፤ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይዞራሉ። መሣሪያችሁ የአራቱን ድምፅ አንዴ ከሰማ የት እንዳላችሁ ያሰላል። በ1983 አንድ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መስመር ስቶ ሶቪየት ኅብረት ሰማይ ገባና ተመቶ ወደቀ። 269 ሰው አለቀ። ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዓቱ ለሲቪልም በነፃ እንደሚሰጥ ያስታወቁት ከዚያ በኋላ ነው። ቢሆንም ለሲቪሉ የሚሰጠው ሆን ተብሎ የተዛባ ነበር፤ መቶ ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። መቶ ሜትር ዲሲ ውስጥ ሌላ መንገድ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ያንን ያስነሱት በግንቦት 2000 ነው። የመኪና ጂፒኤስ ገበያ በሰፊው የተከፈተው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ደግሞ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊልዮ፣ የቻይናው ቤይዱ ተጨምረዋል።

አሁን ልብ በሉ። ሳተላይቱ የሚነግራችሁ የት እንዳላችሁ ብቻ ነው። መንገድ የሚባል ነገር አያውቅም። ድልድይ አያውቅም። ዋን ዌይ አያውቅም። ያን የሚያውቀው መሣሪያው ውስጥ ያለው ካርታ ነው። የሰማዩ ነፃ ነው። ገንዘብ የምትከፍሉት ለካርታው ነው። ካርታ ደግሞ ያረጃል።

ይህንን የተማርኩት በወንድሜ ነው። አዲስ አበባ መኪና ገዛ። እኔም የድሮ መሣሪያዬን በሰው ላክሁለት፤ ትልቅ ስጦታ የላክሁ መስሎኝ። ከሳምንት በኋላ ደወለ። «ገጠምከው?» አልኩት። «ገጠምኩት።» «እንዴት ነው?» «ባዶ ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና ትሄዳለች። ብቻዬን ነኝ» አለኝ። የሰሜን አሜሪካ ካርታ ብቻ ነበር የተጫነበት! ሳተላይቱ ወንድሜን ቦሌ ላይ በትክክል አግኝቶታል። ቦሌን ግን ማን ያሳየው? በኋላ አንድ የሠፈሩ ልጅ በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ነፃ ካርታ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው፣ አውርዶ በሚሞሪ ካርድ ጫነለት። ለነገሩ አዲስ አበባ አድራሻ የሚነገረው «ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ቢጫው ሕንፃ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» ተብሎ ነው። ያንን የትኛው ማሽን ይገባዋል? እና ለአገር ቤት ሰው መሣሪያ የምትልኩ፣ የኢትዮጵያ ካርታ ይጫንበት እንደሆነ ሳታዩ እንዳትልኩ።

እንግዲህ አንደኛው ነጥብ። የትኛውን እንግዛ?

መጀመሪያ ጥያቄው መግዛት አለብን ወይ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እዚህ የሚሸጥ ሰው የለም መቼም። ካምሪ የሚነዳ፣ ከዲሲና ከሲልቨር ስፕሪንግ የማይርቅ ሰው ስልኩ ይበቃዋል። ጉግል በ2009 መጨረሻ ስልክ ላይ የሚሠራውን ነፃ መንገድ መሪ ሲያወጣ የጂፒኤስ ሠሪዎቹ የጋርሚንና የቶምቶም አክሲዮን በአንድ ቀን ወረደ። በከንቱ አይደለም። የትራፊክ ወሬ ላይ ስልክን የሚያህል የለም፤ ሚሊዮን ሰው በኪሱ ይዞት ስለሚዞር መጨናነቁን ቶሎ ይሰማል።

ታዲያ ለማነው የሚያስፈልገው? ለሦስት ዓይነት ሰው። ረጅም መንገድ ለሚሄድ። ስልኩ ለሥራ ሁልጊዜ የተያዘበት፣ ካርታው መሃል ደንበኛ የሚደውልበት። ሦስተኛው ደግሞ ትልቅ መኪና የሚነዳ። ይሄኛው ምርጫ የለውም፤ ስለሱ እመለስበታለሁ።

ረጅም መንገድ ስል፣ ምዕራብ ቨርጂኒያ ፖካሆንታስ ካውንቲ የሄደ አለ? እዚያ ግሪን ባንክ የሚባል ትልቅ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አለ። ለሱ ሲባል ከ1958 ጀምሮ 13,000 ስኩዌር ማይል የሚሆን አካባቢ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና ተብሎ ተከልሏል። ቴሌስኮፑ አጠገብ የሞባይል ሞገድ የሚባል ነገር አታገኙም። እኔ ማታ ነው የገባሁት። የስልኩ ካርታ መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ከዚያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ቀስቱ ቆመ። ተራራ፣ ጨለማ፣ አንድ አጋዘን። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መሣሪያ ግን ምንም አልመሰለውም። ካርታው ውስጡ ነው፤ ከሰማይ ደግሞ መስማት ብቻ ነው የሚፈልገው። በርግጥ ስልክም ላይ ካርታ አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል። ስንቶቻችን እናወርዳለን? እጅ አታውጡ፣ ይቅር።

ስትገዙ ሱቅ ውስጥ ዓይናችሁ የሚሄደው ስክሪኑ ላይ ነው። ትልቅ፣ የሚያበራ። ለቤት መኪና አምስት፣ ስድስት ኢንች ይበቃል። አሥር ኢንች ኮሮላ ላይ የሚሰቅል ሰው አይቻለሁ፤ ቴሌቪዥን እያየ የሚነዳ ነው የሚመስለው። ለትራክ ሰባት ኢንችና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፤ ከመቀመጫው ይርቃል። ከመጠኑ ይልቅ ፀሐይ ላይ ይታያል ወይ በሉ። ሱቁ ውስጥ ሁሉም ያበራል።

«የዕድሜ ልክ ካርታ» የሚል ጽሑፍ ሳጥኑ ላይ ታያላችሁ። ደስ ይላል አይደል? የማን ዕድሜ? ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡ። የናንተ ዕድሜ አይደለም። የመሣሪያው ነው። ድርጅቱ ያን ሞዴል መደገፍ ባቆመ ቀን ዕድሜው አለቀ። ስለዚህ ርካሽ ነው ብላችሁ በጣም አሮጌ ሞዴል አትግዙ። አንድ ጓደኛዬ ከያርድ ሴል፣ ሰው ግቢው ላይ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት፣ በአሥር ዶላር ገዛ። የሳተላይቶቹ የሳምንት ቆጠራ በየሃያ ዓመቱ ገደማ ሞልቶ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። መጨረሻ የሞላው ሚያዝያ 2019 ላይ ነው። አፕዴት ያልተደረጉ አሮጌ መሣሪያዎች ቀን ጠፋባቸው። የጓደኛዬ 1999 ነው ብሎ ቁጭ አለ። «እኛ በሰባት በስምንት ዓመት ነው ወደኋላ የቀረነው፣ ይሄ ከኛም ባሰ» አለኝ።

አሮጌ ስትገዙ ሦስት ነገር ሞክሩ። ስክሪኑ ሲነካ በአራቱም ጥግ ይሠራል? የየትኛው አገር ካርታ ነው? ገመዱ የራሱ ነው? ገመዱን አትናቁት። በብዙዎቹ ላይ የትራፊክ ወሬ የሚቀበለው ነገር ያለው ገመዱ ውስጥ ነው። በተራ የስልክ ገመድ ስትሰኩት ደግሞ አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ መስሎት የኮምፒውተር ሥዕል አውጥቶ ይቆማል። ሰውየው ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። አልተበላሸም! ገመዱ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ። ከገዛን በኋላ።

እዚህ ላይ ነው የኛ ሰው የሚሰንፈው። አዲስ ቲቪ ከሆነ ማታውን ሙሉ ሲነካካ ያድራል። ጂፒኤስ ከሆነ ከሳጥኑ አውጥቶ መስታወት ላይ ለጥፎ ይነዳል። እባካችሁ! መጀመሪያ ቤት ውስጥ ዋይፋይ ላይ አፕዴት አድርጉት። አዲስ ነው ብላችሁ አትተውት፤ መጋዘን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ አይታወቅም። የመጀመሪያው አፕዴት ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ጠዋት ሎድ፣ ጭነት፣ ልታነሱ ስትሉ አትጀምሩት።

የት ይለጠፍ? ዓይናችሁን ከመንገዱ ብዙ የማያነሳ፣ መንገዱንም የማይጋርድ ቦታ ላይ። ከመሃል ዝቅ ብሎ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ መስታወት ላይ የምትፈቅደው በሹፌሩ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ አምስት ኢንች በአምስት፣ በወዲያኛው ታችኛው ጥግ ላይ ሰባት በሰባት ነው። ኤርባጉ የሚወጣበት ላይ ደግሞ በፍጹም አታድርጉት፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ መሣሪያውን ፊታችሁ ላይ ነው የሚወረውረው። መኪናውን ስታቆሙም አንሱት። አንስታችሁም አልበቃ፣ መምጠጫው መስታወቱ ላይ የተወውን ክብ በጨርቅ ጥረጉት። ሌባ ያን ክብ ያውቀዋል። «ሆም» የሚለው ላይም የቤታችሁን ቁጥር አትጻፉ። ጥግ ላይ ያለውን ማደያ ጻፉ። ከማደያው ቤታችሁን ታገኙታላችሁ መቼም።

በእጅ መያዝ? ይሄ አይነገርም እንኳ። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ከልክላለች፤ የመጀመሪያው 125 ዶላር፣ ሁለተኛው 250። ትራክ ላይ ያላችሁ ደግሞ የፌዴራሉ ቅጣት ለሹፌሩ እስከ 2,750 ዶላር እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። አድራሻ ቆማችሁ ጻፉ። ቆማችሁ! ቀይ መብራት መቆም አይባልም።

ቅንብሩ ውስጥ ግቡ። «ክፍያ ያለበትን መንገድ አስወግድ» የሚለውን እዩት። ሁልጊዜ አብሩት አልልም፤ ግን ምን ላይ እንዳለ እወቁ። እዚህ ከቤልትዌይ፣ ዲሲን ከሚዞረው ሃይዌይ፣ ወደ ከተማው በሚገባው ሃይዌይ 66 ላይ ክፍያው ሲጀመር፣ በታኅሣሥ 2017፣ አሥር ማይል ለማይሞላ መንገድ 40 ዶላር ደርሶ ነበር። መሣሪያው አይጨንቀውም፤ እሱ አይከፍልም። «ያልተነጠፈ መንገድ አስወግድ» የሚለውን ደግሞ አብሩ። «አጭሩ መንገድ» እና «ፈጣኑ መንገድ» ይለያያሉ፤ ፈጣኑን ምረጡ። አጭሩን ከመረጣችሁ በሰው ግቢ ነው የሚያሳልፋችሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱን በሙሉ አንዴ አሳንሳችሁ እዩት። ወደ ሪችመንድ ልሂድ ብላችሁ መስመሩ ወደ ሰሜን ከተሳበ አንድ ነገር አለ። አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

አሁን ትራክ የምትነዱ ቀና በሉ። ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደርሻለሁ። መቼ አንስማው?

ትራክ በጀመርኩ በአምስተኛው ወር ነው። ከኒው ጀርሲ ሎድ አንስቼ ወደ ኮነቲከት እሄዳለሁ። ዝናብ አለ። የትራክ ጂፒኤስ አልገዛሁም። «ስልክ አለኝ፣ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ነው። ሃይዌዩ ተዘጋጋ። ስልኩ «11 ደቂቃ የሚቀንስ መንገድ አለ» አለኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ! እሺ አልኩ። ወጣሁ፣ ታጠፍኩ፣ ገባሁ።

መንገዱ ጠበበኝ። ዛፎቹ ቀረቡኝ። አጠገቤ የሚያልፉት ሁሉ ትንንሽ መኪኖች ናቸው። ጥሩንባ ይነፉልኛል። አንዲት ሴትዮ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ እጇን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ታደርግልኛለች። ሰላምታ መሰለኝ። እኔም እጄን አነሳሁላት! (ሳቅ) አትሳቁ። እናንተም ታደርጉት ነበር።

ኩርባው ላይ ስደርስ አየሁት። የድንጋይ ድልድይ። ቅስት ነው፤ መሃሉ ከፍ ይላል፣ ጎንና ጎኑ ዝቅ ይላል። ቢጫ ምልክት ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ማንበብ አላስፈለገኝም። ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ ያለው ጭነት ሲገፋኝ ተሰማኝ። ቆምኩ። በእኔና በድልድዩ መሃል ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ኋላ ወርጄ ቆጥሬዋለሁ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፖሊሱ መጣ። ቀና ብሎ ትሬለሩን አየ። ድልድዩን አየ። እኔን አየ። «ስልክ ነው?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

መንገዱን ዘግተው ወደኋላ እስክወጣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። 11 ደቂቃ ላተርፍ! የቅጣት ትኬቱ ደግሞ ያልገዛሁትን የትራክ ጂፒኤስ ዋጋ የሚያህል ነበር። በማግስቱ ገዛሁት። ሁለቱንም ከፈልኩ ማለት ነው።

ስልኩ ዋሽቶኝ ነው? አልዋሸኝም። ለመኪና መንገዱ ትክክል ነበር። ስልኩ እኔን ካምሪ ነው ብሎ ነው የሚያየኝ። ተራው ትሬለራችን 13 ጫማ ከ6 ኢንች ይቆማል፤ ከአራት ሜትር በላይ ነው። ርዝመቱ 53 ጫማ። ከነጭነቱ እስከ 80,000 ፓውንድ። ይህን ማን ነገረው? የኒው ዮርክና የኮነቲከት ፓርክዌዮች ብዙዎቹ የተሠሩት በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ለትንንሽ መኪና መንሸራሸሪያ ተብለው ነው። የኮነቲከቱ ሜሪት ፓርክዌይ የመጀመሪያ ክፍል በ1938 ነው የተከፈተው። ትራክ አይገባባቸውም። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይም ለኛ ዝግ ነው። «ፓርክዌይ» የሚል ቃል ባያችሁ ቁጥር ልባችሁ ይምታ።

ሰሜን ካሮላይና ደረም ከተማ ውስጥ አንድ የባቡር ድልድይ አለ። ከፍታው 11 ጫማ ከ8 ኢንች ነበር። የትራክ ጣሪያ እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ሲገፈፍ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ምልክት አለው፣ መብራት አለው። በ2019 ስምንት ኢንች ከፍ አደረጉት፣ 12 ጫማ ከ4 ሆነ። ከዚያም በኋላ መመታቱ አልቀረም። ለምን? ሹፌሩ ስክሪን ላይ ነዋ! በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ የትራክ መሣሪያ ስትገዙ ዋጋው ከተራው እጥፍና ከዚያም በላይ ነው፤ አዎ። የምትከፍሉት ለስክሪኑ አይደለም። ቁመት፣ ክብደት፣ ርዝመት፣ አደገኛ ጭነት የሚሉትን ሳጥኖች ለሚያውቀው ካርታ ነው። ግን ሳጥኖቹን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ! አንድ ልጅ ውድ መሣሪያ ገዝቶ አንድ ዓመት ሙሉ በመኪና ቅንብር ነዳበት። ካምሪ ሆኖ ነው የሚሄደው፣ በ700 ዶላር። ሌላው በሜትርና በጫማ ተምታታበት። ትሬለር በቀየራችሁ ቁጥር እዩት። ጠፍጣፋ ትሬለር ላይ ማሽን ስትጭኑ ቁመታችሁ የትናንቱ አይደለም። አደገኛ ጭነት ይዛችሁ ደግሞ ባልቲሞር ላይ በሁለቱም ዋሻ ማለፍ አይቻልም፤ ድልድዩም በ2024 ስለወደቀ ዙሪያውን ነው የምትይዙት። መሣሪያው ይህን የሚነግራችሁ ምን እንደጫናችሁ ከነገራችሁት ነው።

ይሄ ሁሉ ተሞልቶም ምልክቱና ስክሪኑ ከተጣሉ ምልክቱን ስሙ። የተተከለው ትናንት ሊሆን ይችላል፤ ካርታው ያምና ነው። ፖሊስ፣ የመንገድ ሥራ፣ ጎርፍ፣ በረዶ፣ እነዚህ ሁሉ ከመሣሪያው ይቀድማሉ። ካሊፎርኒያ ዴዝ ቫሊ በረሃ ውስጥ የሚሠሩ ጠባቂዎች «በጂፒኤስ መሞት» የሚሉት አነጋገር አላቸው። ካርታ ላይ መስመር ስላለ ብቻ መንገድ ነው ብሎ በበጋ ሙቀት ምድረ በዳ የሚገባ ሰው ስላለ ነው። የተተወ የማዕድን መንገድም እኮ መስመር ነው።

ቺካጎ ሎወር ዋከር ላይ፣ ከመሬት በታች፣ ሳተላይቱ አይሰማም። ቀስቱ ይዘላል፣ ወንዙ ውስጥ ናችሁ ይላችኋል። ስታጡት አትደናገጡ። ያለፋችሁትን ኤግዚት ለማግኘት ወደኋላ እንዳትሉ፣ እንዳትቆሙ። ቀጣዩን ውጡ። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ አለ? ... አቤት ጋሼ። «ይሄ ነገር ይሰልለናል ወይ» ነው ያሉት? ጥሩ ጥያቄ ነው። ጂፒኤሱ ራሱ ወደ ሰማይ የሚልከው ነገር የለም። እንደ ሬዲዮ ነው፤ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ከስልክዎ ጋር በብሉቱዝ ካያያዙት ግን ስልኩ ይናገራል። ትራክ ላይ ያለው የሥራ ሰዓት መመዝገቢያም ይናገራል። እሱን ዲስፓቸርዎ፣ ጭነት የሚመድብልዎ ሰው፣ ያውቀዋል።

አንቺስ እህቴ? ... «ድምፁ ያናድደኛል።» እኔንም። ባለቤቴ አንድ ቀን አብራኝ ሄዳ «ይቺ ሴትዮ ከኔ የበለጠ ታዝሃለች» ብላኛለች። ድምፁን መቀየር ይቻላል። ማጥፋትም ይቻላል፤ ግን አታጥፊው። ጆሮሽ ሲሰማ ዓይንሽ መንገዱ ላይ ይሆናል። ዝቅ አድርጊው፣ ሬዲዮውንም ዝቅ አድርጊ።

ደቂቃዬ አልፏል፤ ከኋላ ምልክት እያሳዩኝ ነው። እጃቸውን ወደ ላይ እያደረጉ ነው፤ አሁን ገብቶኛል ትርጉሙ። (ሳቅ)

መሣሪያችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ አብረን ወደ ፓርኪንጉ እንውረድ። አንድ በአንድ ቅንብራችሁን እናያለን። ትራክ ይዞ የመጣው ልጅ የትሬለሩን ቁመት እርግጠኛ አይደለሁም ብሎኛል። መለኪያ ይዣለሁ፤ ሁለት ሰው መሰላሉን ያዙልኝ።